የጫማ ሰሪው ልጅ እና የማቆሚያው ቁልፍ

ኮድ የነካካ ሰው ሁሉ «ቡሊያን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ እውነት ወይ ሐሰት፣ 1 ወይ 0። ቃሉ ግን የሰው ስም ነው። እኔ የተመረቅሁት በኢኮኖሚክስ ቢሆንም፣ የፋብሪካ ማሽን የሚያዘውን ኮምፒውተር፣ ማለትም ፒኤልሲን፣ በትርፍ ሰዓቴ መማር ስጀምር ከሰውየው ጋር በደንብ ተዋወቅን።

ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ፣ ሊንከን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰሪ ነበር፤ ልቡ ግን ሂሳብና ቴሌስኮፕ ላይ ስለነበር ንግዱ አልሰመረለትም። ቤተሰቡ ሲቸገር ጆርጅ ገና በ16 ዓመቱ አስተማሪ ሆኖ ሁሉንም ማስተዳደር ጀመረ። በ19 ዓመቱ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ ከፍተኛውን ሂሳብ ያጠናው መጽሐፍ እያነበበ ለብቻው ነው። እንዲያም ሆኖ በ1849 አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ የኮሌጅ የሂሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ሐሳብ እንደ ሂሳብ ሊሰላ እንደሚችል አሳየ። «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» ቀመር ሆኑ። በ1864 በዝናብ እየተደበደበ በእግሩ ኮሌጅ ሄደ፤ በረጠበ ልብሱም አስተማረ። የሳንባ ምች ያዘውና በ49 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ሜሪ ከአምስት ሴት ልጆች ጋር ቀረች።

ቀመሩ ፋብሪካ የሚገባበትን ቀን አላየም። በ1937 ክላውድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ የቡል ሂሳብ ለኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ልክክ እንደሚል አሳየ። ዛሬ የፒኤልሲ መሰላል፣ ላደር ሎጂክ፣ የሚሠራው በዚሁ ነው። ሁለት ቁልፎች ከተከታተሉ «እና»፣ ጎን ለጎን ከሆኑ «ወይም» ማለት ነው።

ለእኛ ትንሽ የሚያደናግር ነገር አለ። ሬዲዮ ክፈት ስንል አብራ ማለታችን ነው አይደል? ሽቦ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ክፍት ማለት መንገዱ የተቋረጠ፣ ዝግ ማለት የተገናኘ ነው። ኖርማሊ ኦፕን ካልነኩት አያስተላልፍም፤ ኖርማሊ ክሎዝድ ካልነኩት ያስተላልፋል።

ታዲያ የማሽን ማቆሚያ ቁልፍ ለምን ኖርማሊ ክሎዝድ ይሆናል? ሳይነኩት 1 ይልካል። ሲጫኑት 0 ይሆንና ማሽኑ ይቆማል። ሽቦው ቢበጠስም 0 ይሆናል፣ ማሽኑም ይቆማል። ኖርማሊ ኦፕን ቢሆን ግን የተበጠሰውን ሽቦ ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው የሠራተኛ እጅ ተይዞ ጓደኛው ቁልፉን ሲጫንና ማሽኑ አልቆም ሲል ነው።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ቁልፉ ኖርማሊ ክሎዝድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ላይም የዝግ ምልክት ብታደርጉ ሞተሩ አይነሳም። የዝግ ምልክት «አይደለም» ማለት ነው፤ 1 ሲመጣለት መንገዱን ይቆርጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ የምታስቀምጡት የክፍት ምልክት ነው፤ እሱ 1 ሲያገኝ ያስተላልፋል።

በኢኮኖሚክስ ዓይን ሳየው፣ ቡል በሕይወቱ ያልሰበሰበው ትርፍ ዛሬ በየፋብሪካው የሰው ጣት እያተረፈ ነው። መማር የምትፈልጉ ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ወረቀት ላይ ሁለት ቋሚ መስመር አስምሩ፣ መሃሉ ላይ ማስነሻና ማቆሚያ አስቀምጡ፤ ከዚያ ሽቦው ቢበጠስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ።