ሲናን የቂሳርያው ግንበኛ

ታላቁ ባስልዮስ በኤጲስ ቆጶስነት ከተሾመባት ከቀጰዶቅያ ቂሳርያ አጠገብ አግርናስ የምትባል መንደር አለች። በዚህች መንደር በ1490 ግድም (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) ከክርስቲያን ወላጆች አንድ ልጅ ተወለደ። የዚያ አገር ሰዎች ቤታቸውንም ቤተ ክርስቲያናቸውንም ከአለት መፈልፈል ልማዳቸው ስለ ነበረ፥ ሕፃኑ የድንጋይ ሥራ እያየ አደገ። የኦቶማን ሱልጣኖች ከክርስቲያን ዜጎቻቸው ወንዶች ልጆችን እንደ ግብር እየወሰዱና እያሰለሙ ለቤተ መንግሥትና ለሠራዊት ያሳድጉ ነበርና፥ በ1512 ግድም እርሱም ተወሰደ። ከዚያም በኋላ ሲናን ተባለ።

መጀመሪያ አናጢነት ተማረ። ወታደር ሆኖም ወደ ቤልግራድ፥ ወደ ሮዶስ፥ ወደ ሀንጋሪያና ወደ ባግዳድ ዘመተ። በቫን ሐይቅ መርከብ ሠራ፤ በ1538 በፕሩት ወንዝ ላይ ለሠራዊቱ ድልድይ ዘረጋ። ሱልጣን ሱለይማንም ችሎታውን አይቶ የመንግሥቱ ግንበኞች አለቃ አደረገው። ዕድሜው ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር፤ ሦስት ሱልጣኖችን እያገለገለ ሃምሳ ዓመት ያህል በዚሁ ሹመት ቈየ።

በቁስጥንጥንያ ዕለት ዕለት በዓይኑ ፊት የቆመች አንዲት ሕንፃ ነበረች፤ እርስዋም ሐጊያ ሶፊያ ናት። ቀድሞ የሮም ክርስቲያኖች ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛውን ጊዜ ረጃጅም አዳራሾች ሆነው ጣራቸው በእንጨት ይሠራ ነበር። ከ532 እስከ 537 ግን በዮስጢንያኖስ ትእዛዝ አንቴምዮስና ኢሲዶሮስ የሚባሉ ሊቃውንት ክቡን ጉልላት በአራት ማዕዘን ላይ አቆሙት። (ጉልላት ስንል በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ጣራ ጫፍ ላይ የሚተከለውን ሳይሆን፥ በድንጋይና በጡብ የተደፋውን ክብ ጣራ ማለታችን ነው።) አራት ቅስቶች ተሸከሙት፤ በቅስቶቹም መካከል ያለውን ክፍት ጥግ ጐበጥ ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንብ ሞላው። በ558 ጉልላቱ ወደቀ፤ በ562 ከፍ ተደርጎ ታደሰ። በ1453 ከተማዪቱ በተያዘች ጊዜ ሕንፃዋ መስጊድ ሆነች፤ ጥበብዋ ግን ለአዲሶቹ ገዢዎችም መምህር ሆነ።

ሲናን ይህን ትምህርት ደግሞ ደጋግሞ ሞከረው። በ1548 በፈጸመው በሻህዛዴ መስጊድ ታላቁን ጉልላት በአራት ግማሽ ጉልላቶች አስደገፈው። በ1557 በፈጸመው በሱለይማንዬ ግን የሐጊያ ሶፊያን ሥርዓት ተከትሎ ሁለት ብቻ አደረገ። ሰማንያ ዓመት በቀረበ ዕድሜው በኤዲርኔ ሰሊምዬን ጀመረ፤ በዚያም ስምንት ዓምዶችን በክብ አቁሞ ወርዱ 31 ሜትር ያህል የሆነ ጉልላት ደፋባቸው። ሥራው በ1575 ተፈጸመ። ክርስቲያኖች በሠሩት ጉልላት የሚወዳደር የለም መባሉ ልቡን ያቈስለው እንደ ነበረ፥ በሰሊምዬም በወርድም በቁመትም እንደ በለጠ ለወዳጁ ለባለቅኔው ለሣዒ አጽፎአል። መለኪያው ግን እንዲህ አይልም፤ ወርዱ ከሐጊያ ሶፊያ ጋር እኩል ያህል ነው፥ ከወለል ያለው ከፍታ ግን ያንሳል። በእኛ አስተያየት ግን የሰሊምዬ ውስጡ ብርሃኑና አንድነቱ ያለ ሙግት የሚበቃው ነበር።

በነዚያው ዓመታት የሐጊያ ሶፊያ ግንብ ተዳክሞ ስለ ነበረ፥ የሚያድናት ሰው ሲፈለግ የተገኘው እርሱ ራሱ ነው። ግድግዳዋን ተጠግተው የተሠሩት ቤቶች ፈረሱ፤ ሲናንም በደጋፊ ግንብ አጸናት። ሊበልጣት የደከመባትን ሕንፃ እንዳትወድቅ ጠበቃት።

ቆጵሮስ በቱርኮች እጅ ከገባች በኋላ ከቂሳርያ አውራጃ ብዙ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ደሴቲቱ እንዲሄድ ታዘዘ። ከሥልሳ ዓመት በፊት ከቤቱ የተወሰደው ሽማግሌም በአግርናስ ለቀሩት ዘመዶቹ ለመነ፤ በ1573 እንዳይነኩ የሚል ትእዛዝ ወጣላቸው።

በ1588 ሞተ። የተቀበረውም በሱለይማንዬ ቅጥር ጥግ፥ በመንገድ ዳር፥ ራሱ በሠራት ትንሽ መቃብር ነው።