ስቫንተ አሬኒየስ፤ ካርቦንን በእርሳስ ያሰላው ሊቅ

በዛሬው ጊዜ አንድ ሕንፃ ከመሠረቱ ቁፋሮ አንሥቶ እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ የሚያሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በልዩ ልዩ አገሮች የዲዛይን ቢሮዎች ይሠራባቸዋል። የሲሚንቶው፣ የፌሮው፣ የብሎኬቱና የመስታወቱ መጠን ይገባላቸዋል፤ እነርሱም ሁሉንም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኪሎ ግራም መንዝረው አንድ ድምር ያወጣሉ። ይሁንና ፕሮግራሙ በአዲስ እትም በተተካ ቁጥር አንድ የማይመች ነገር ይከሠታል። ፕላኑ ሳይለወጥ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንኳ ሳይጨመርበት ወይም ሳይቀነስለት፣ የዚያው ሕንፃ ድምር ከዓምናው የተለየ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያው ቅር ይለዋል፤ አሠሪው ደግሞ ከሁለቱ ቁጥሮች እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከብዙ ዓመታት በፊት በእርሳስና በወረቀት ያሰላ የነበረን አንድ የስዊድን ሊቅ ገጥሞት ነበር። የዚህን ሰው ሥራ የግንባታ ባለሙያ ስሙን ሳያውቅ በየቀኑ ይጠቀምበታልና ታሪኩን ማወቁ አይከፋም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቫንተ አውጉስት አሬኒየስ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ቪክ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር፤ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲንም ርስት ያስተዳድር ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ማንም ሳያስተምረው ማንበብ እንደ ጀመረ ይነገራል። የአባቱን የሒሳብ መዝገቦች እያየ ድምሩን መከታተል ስለ ለመደ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቁጥር የሚያስፈራው ሳይሆን የሚጫወትበት ነገር ሆነለት። በ1876 ከከተማው የካቴድራል ትምህርት ቤት በዕድሜ ከሁሉ ያነሰ፣ በችሎታ ግን ከሁሉ የላቀ ተማሪ ሆኖ ወጣና ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ። በዚያ ያገኘው ትምህርት ስላላረካው በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በሳይንስ አካዳሚው የፊዚክስ ተቋም በኤሪክ ኤድሉንድ ሥር መሥራት ጀመረ።

የመጀመሪያው ፈተናው የመጣው በ1884 ነው። በውሃ የሟሙ ጨዎች ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያስተላልፉ ያጠናበትን 150 ገጽ ያህል ጽሑፍ ለዶክትሬት ማዕረግ ለኡፕሳላ አቀረበ። በዚያ ጽሑፍ በጭምጭምታ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1887 ደግሞ በግልጽ ያስቀመጠው ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ምንም ኤሌክትሪክ ሳይነካው የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች፣ ማለትም ወደ አዮኖች ይለያያል። ለዘመኑ መምህራን ይህ የማይዋጥ ነገር ነበር። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚነድ ብረት ነው፤ ክሎሪን መርዝ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው በወጥ ድስት ውስጥ ይዋኛሉ ብሎ ማን ይመን? ስለዚህ ጽሑፉ ዝቅተኛ ማዕረግ ተሰጠው። በዚያ ማዕረግ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተስፋ አልነበረም።

አሬኒየስ ግን በዚህ ተሸንፎ አልተቀመጠም። ጽሑፉን ለክላውዚየስ፣ ለቫንት ሆፍና በሪጋ ለነበረው ለዊልሄልም ኦስትቫልድ ላከ። ኦስትቫልድም በዚያው ዓመት እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጥቶ ወጣቱን ሊቅ በሪጋ ሥራ ሊሰጠው ጠየቀው። ከውጭ አገር የመጣ ታዋቂ ፕሮፌሰር ያከበረውን ሰው በገዛ አገሩ መናቅ ስለማይቻል ዩኒቨርሲቲው ወዲያው የፊዚካል ኬሚስትሪ መምህርነት ሰጠው። አባቱ ታመው ስለ ነበር ወደ ሪጋ አልሄደም፤ አባቱ በ1885 ካረፉ በኋላ ግን በአካዳሚው የገንዘብ ርዳታ በሪጋ፣ በዉርዝቡርግ፣ በግራዝና በአምስተርዳም እየተዘዋወረ የዘመኑን ታላላቅ ሊቃውንት ቀርቦ ለማወቅ በቃ።

ለግንባታ ባለሙያ የአዮኖቹ ነገር የመጽሐፍ ቤት ጨዋታ አይደለም። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ የማይዝገው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገኘው ውሃ ፒ.ኤች. ከ12 በላይ የሆነ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ ነው። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን አልካሊ ቀስ በቀስ ያከሽፈዋል፤ መጠኑ ወደ 9 ሲወርድ ፌሮው መከላከያውን ያጣል። በጨዋማ አካባቢ ደግሞ የክሎራይድ አዮን ይህን ጥፋት ያፋጥነዋል። እንግዲህ የሕንፃው ዕድሜ 50 ዓመት ነው ወይስ 100 የሚለው የማንኛውም የዕድሜ ዑደት ስሌት ዋና ጥያቄ በከፊል የሚፈታው በ1884 ዝቅተኛ ማዕረግ በተሰጠው ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ኮንክሪቱ ከአየር የሚመጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሚንቶው ሲመረት ከወጣው ላይ በጥቂቱ የሚመለስ ስለሆነ፣ አዳዲሶቹ የስሌት ደንቦች ይህን ተመላሽ ይቈጥሩታል። ፌሮን የሚያበላሸው ነገር ለአየር ዕዳው መጠነኛ ክፍያ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ1889 አሬኒየስ አንድ ሌላ ቀመር አወጣ። ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀት ሲጨምር ለምን እንደሚፈጥን ሲመረምር፣ ቅንጣቶቹ ከመዋሐዳቸው በፊት የሚሻገሩት የኃይል ደፍ እንዳለ አስረዳ፤ የለውጡም ፍጥነት ከዚህ ደፍ ከፍታና ከሙቀቱ ጋር ያለውን ዝምድና በሒሳብ ገለጸ። በስሙ የሚጠራው ይህ ቀመር ዛሬ በየሥራ ቦታው አለ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠነክር ኮንክሪት በ30 ዲግሪ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ የሚያገኘው በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው። በአዲስ አበባ የክረምት ቅዝቃዜ የተሞላ ኮንክሪትና በድሬዳዋ ሐሩር የተሞላ ኮንክሪት ካሳፎርማቸው በአንድ ቀን የማይፈታውም ስለዚህ ነው። ፕላስቲክ፣ ቀለምና የጣሪያ መሸፈኛ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በላቦራቶሪ በከፍተኛ ሙቀት ፈትኖ የሚተነብየው ባለሙያም የሚደገፈው በዚሁ ቀመር ነው። የአየር ጠባይ ስሌቱ ብቻ ስለሚወሳ እንጂ፣ ለሕንፃ ሥራ ከአሬኒየስ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ምናልባት ይህ ነው።

በ1891 በስቶክሆልም ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር፣ በ1895 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1894 ተማሪው የነበረችውን ሶፊያ ሩድቤክን አገባ፤ ወንድ ልጅም ወለዱ፤ ትዳሩ ግን በ1896 ፈረሰ። ታላቁን ስሌቱን የሠራው በእነዚሁ አስጨናቂ ዓመታት ነው። ሥራውን የጀመረው በ1894 የገና ዋዜማ ዕለት እንደ ነበር ይተረካል። ጥያቄው የበረዶ ዘመን እንዴት መጣ የሚል ነበር፤ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አሲድ፣ ማለትም የዛሬው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የምድር ሙቀት ምን ያህል ይለወጣል?

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በዚያን ጊዜ አልነበረም። አሬኒየስ ያገኘው አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሌይ ከጨረቃ የሚመጣውን የሙቀት ጨረር የለካበትን መዝገብ ነበር። ጨረቃ ወደ አድማስ ስታዘቀዝቅ ጨረሯ ብዙ አየር አቋርጦ ይመጣል፤ ከፍ ስትል ጥቂት አየር ያቋርጣል። ከዚህ ልዩነት በመነሣት የውሃ ተንና ካርቦኒክ አሲድ ከጨረሩ ምን ያህሉን እንደሚያስቀሩ ገመተ። ከዚያም ምድርን ከ70 ዲግሪ ሰሜን እስከ 60 ዲግሪ ደቡብ በየ10 ዲግሪው ኬክሮስ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመቱ አራት ወቅቶች፣ ለስድስት ያህል የጋዝ መጠኖች እያሰላ ሰንጠረዥ ሞላ። አገራችንም በሰንጠረዡ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባሉት ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ውስጥ ትገኛለች። ስሌቶቹ በአሥር ሺሕዎች ይቈጠሩ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። አንድ ዓመት የፈጀው ይህ ሥራ በዲሴምበር 1895 ለአካዳሚው ቀርቦ በ1896 ታተመ። ጋዙ በእጥፍ ቢጨምር በሐሩር አገሮች ወደ 5፣ በሰሜኑ ጫፍ ወደ 6 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት እንደሚጨመር፣ ጋዙ በማባዛት ሲያድግም ሙቀቱ በመደመር እንደሚያድግ አሳየ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ አንባቢ ዘልሎት የሚያልፈው፣ ለእኛ ሙያ ግን ከሁሉ የቀረበው ክፍል የሥራ ባልደረባው የአርቪድ ሄግቦም የሒሳብ መዝገብ ነው። የምድር አጥኚው ሄግቦም ካርቦን ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚገባ ገቢና ወጪውን ዘርዝሮ ነበር። በዘመኑ የዓለም የድንጋይ ከሰል ምርት በዓመት 500 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ይህ ሲቃጠል በአየር ውስጥ ካለው ካርቦኒክ አሲድ አንድ ሺህኛውን ያህል ይጨምራል፤ ይህም የኖራ ድንጋይ ሲፈጠር ከአየር ከሚወስደው ጋር ተቀራራቢ ነው አለ። ዛሬ ለአንድ ሕንፃ የሚዘጋጀው የግብዓትና የውጤት ዝርዝር የዚህ መዝገብ የልጅ ልጅ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ የሚያደርገውም ያንኑ መዝገብ ወደ ኋላ መገልበጥ ነው፤ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይቀርና 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ምድጃው በከሰልም ይንደድ በሌላ፣ ይህ 44 ኪሎ አይቀርም።

አሬኒየስ በ1896 ባወጣው ቁጥር ላይ አልተቸነከረም። የላንግሌይ ልኬት ጉድለት እንዳለበት ተረዳ፤ አዳዲስ ልኬቶች ሲወጡ ስሌቱን ደግሞ ሠራ። በ1906 በስዊድንኛ፣ በ1908 በእንግሊዝኛ በወጣው ለሕዝብ በጻፈው መጽሐፉ ላይ የእጥፉን ውጤት ወደ 4 ዲግሪ አወረደው። ከሰሉንም አሻሻለ፤ በ1890 በዓመት 510 ሚሊዮን ቶን የነበረው ፍጆታ በ1904 ወደ 890 ሚሊዮን መድረሱን አይቶ፣ ቀደም ሲል በሺህ ዓመታት ይፈጃል ያለው ለውጥ በጥቂት ምዕት ዓመታት ውስጥ ሊታወቅ እንደሚችል ጻፈ። በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች የሚደረገውም ይኸው ነው። ሚቴን ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በ100 ዓመት ሚዛን ሲነጻጸር በ1995 በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤ 21 እጥፍ ተብሎ ነበር፤ በ2007 ወደ 25፣ በ2013 ወደ 28 ከፍ አለ። በ2021 ደግሞ ከከርሰ ምድር ነዳጅ የሚወጣው 29.8 ሆነ። የአውሮፓው የግንባታ ዕቃዎች መለኪያ ደንብም በ2019 ሲሻሻል ከነዳጅ የመጣውንና ከዕፅዋት የመጣውን ካርቦን ለያይቶ ማስላት ግዴታ ሆነ። ሕንፃው አልተለወጠም፤ ዕውቀቱ ተለወጠ። ስለዚህ አሠሪው ሲጠይቅ መልሱ ድምሩን ከእትሙና ከዘመኑ ጋር አብሮ መጻፍ ነው፤ በሁለት እትሞች የተሠሩ ሁለት ሕንፃዎችንም ጎን ለጎን አለማስቀመጥ ነው።

እርማት ሁሉ ግን ትክክል አይደለም። በ1900 የአገሩ ልጅ ክኑት ኦንግስትሮም በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ባደረገው ሙከራ የጋዙን መጠን መቀነስ የጨረሩን መመጠጥ ብዙም እንደማይለውጠው አሳየ፤ ብዙዎችም የአሬኒየስ ነገር አበቃለት አሉ። አሬኒየስ በ1901 ቢመልስም ሰሚ አላገኘም። ስሕተቱ አየርን እንደ አንድ ቱቦ መቊጠር ነበር፤ ከባቢ አየር ብዙ ንብርብር ስላለው ሙቀቱ ወደ ጠፈር የሚያመልጥበት የላይኛው ንብርብር ወሳኝ መሆኑ በኋላ ታወቀ።

በ1903 በአዮኖቹ ሥራ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1905 የኖቤል የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ዲሬክተር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ቆየ፤ በዚያው ዓመት ማሪያ ዮሐንሰንን አገባ፤ ከእርሷም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆችን ወለደ። ሥልጣን ሲያገኝ ግን ሁልጊዜ ቅን አልነበረም። ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ ሽልማቱን እንዳያገኝ ተጽዕኖ እንዳደረገ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከዚህ የከፋው በ1909 በተመሠረተው የስዊድን የዘር ንጽሕና ማኅበር ቦርድ አባል መሆኑ፣ በ1922 ለተቋቋመው የመንግሥት የዘር ጥናት ተቋምም መሠረት ከጣሉት አንዱ መሆኑ ነው። ይህ ተቋም ሰውን የራስ ቅል እየለካ በደረጃ የሚከፋፍል ነበር። የአየሩን ቁጥር ደጋግሞ የፈተሸው ሰው እዚህ ላይ የገባውን መረጃ አልመረመረም፤ ስሙም በዚህ ይወቀሳል።

አሬኒየስ ኦክቶበር 2 ቀን 1927 በስቶክሆልም ዐረፈ፤ የተቀበረውም ያ ዝቅተኛ ማዕረግ በተሰጠበት በኡፕሳላ ነው። ተረስቶ የነበረውን ስሌት ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ እንደገና ያነሣው ጋይ ካሌንደር የተባለ እንግሊዛዊ የእንፋሎት መሐንዲስ ነበር፤ ለጋዙ መታጠፍ 2 ዲግሪ አገኘ። በ1967 ማናቤና ዌዘራልድ በኮምፒዩተር ሠርተው 2.3 አሉ። በ2021 የወጣው የዓለም አቀፉ ጉባኤ ግምት ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ሲሆን፣ አሬኒየስ በ1908 የጻፈው ቁጥር በዚህ ወሰን ጫፍ ላይ ይገኛል።