በዘመድ ቤት ያደጉት ንጉሥ

ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ጊዜ የሚታወሱት በጦር ሜዳ ውሎአቸውና በመቅደላ አሟሟታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን በሌላ በኩል እንመለከታለን። ወላጅ ሊያሳድገው ያልቻለውን ልጅ ዘመድ ሲቀበለው የሚገኘውን ፍሬ፣ ከዘመድ ሲለይም የሚደርስበትን ጉዳት ታሪካቸው በግልጽ ያሳየናልና።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው በጎንደር በችግር ኖሩ፤ ኮሶ እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር ይባላል። ልጁ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ ጠላቶቹ ይህን እንደ ነውር ያነሡበት ነበር። ለእኛ ግን ነውር ሳይሆን የእናት ድካም ነው። እናቱ ካሣን ለትምህርት ወደ ገዳም ሰደዱት፤ ገዳሙ በጦር ሲጠቃም ከሞት አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ሸሸ።

የደምብያው ገዥ ደጃዝማች ክንፉ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉ ስመ ጥር መኰንን ነበሩ። የሸሸውን ልጅ ተቀብለው በቤታቸው አሳደጉት። ካሣ የጦርነትን ሙያና የአስተዳደርን ወግ የተማረው በዚያ ቤት ነው። ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲያርፉ ያ ጥላ ተገፈፈ፤ ካሣም ወደ ቋራ ወርዶ ሸፈተ። የኋላው ንጉሥ ከየት ተነሣ ቢባል፣ አንድ ዘመድ በሩን ከከፈተበት ቀን ነው ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኛ ካቶሊካውያን ያንን ዓመት በኀዘንም እናስበዋለን፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነታቸው በንጉሡ እስር ሳሉ ያረፉት በዚያው ዓመት ነውና።

በ1848 ዓ.ም. ንጉሡ ሸዋን ሲይዙ፣ አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት የሞቱበት የአሥራ አንድ ዓመቱ ምኒልክ በእጃቸው ገባ። እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩለት። ነገር ግን ልጁ እስረኛም ነበረ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጥ የወሎዋ እመቤት ወርቂት አሳለፈችው፤ በዚህም ቍጣ በመቅደላ በመያዣነት የነበረው የገዛ ልጇ ተገደለ። ማሳደግ ከማሰር ጋር ሲቀላቀል ፍቅሩ ሳይቀር ይመርዛል።

ከደሴ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በመቅደላ አምባ፣ በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ለእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቅያዬ በሕይወት ቢኖሩም ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ሹሙ ካፒቴን ስፒዲ ወደደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ራራችለት። አያቱ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ቢጽፉም የልጅ ልጃቸውን ሳያገኙት ቀሩ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሰርም ተቀበረ። አፅሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያውያን ደጋግመው ቢጠይቁም በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። ልጁ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት አላጣም፤ ያጣው በቋንቋው የሚጠራውን የገዛ ወገኑን ነው።

በደሴና በኮምቦልቻም እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ፣ ሕመም ወይም ሞት ቤት ሲፈታ፣ ልጁን አያት፣ አክስት ወይም አጎት ተቀብለው ያሳድጋሉ። ይህ ሥራ ድምፅ የለውም፤ ሸክሙ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጁን ብቻ ሳይሆን አሳዳጊውንም እንዲጠይቁ፣ ምእመናንም ደብተሩንና እህሉን እንዲያግዙ እናሳስባለን። ዘመዱን በጉዲፈቻ መውሰድ የሚሻም ስምምነቱን በፍርድ ቤት ማጸደቅ እንደሚገባው አይዘንጋ፤ የልጁ መብት የሚጠበቀው በዚህ ነውና። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ በቤታችን እንግዳ ወይም አገልጋይ ሳይሆን ልጅ ይሁን። ክንፉ በሩን ሲከፍቱ ንጉሥ እንደሚያሳድጉ አላወቁም፤ የተቀበሉት የተቸገረ የዘመድ ልጅ ነበረ።