ፓስተር፦ በዐይኑ ያላየውን ጠላት ያሳደደው ሰው

አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። ከአምቦ ተነስቼ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርጌ መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባሁ ጊዜ፣ ወያላው ፓስተር እያለ ሲጣራ የቸርች ፓስተር ያለበት ቦታ መስሎኝ ነበር። አትሳቁብኝ! ሰውየው ሰባኪ ሳይሆን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ተቋሙ ስሙን እየለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ፓስተር በ1822 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። እኛ አገር ቢሆን ምን ተብሎ ይሰደብ እንደነበር መገመት አያቅትም። ልጁ 8 ዓመቱ ሳለ ባደገባት በአርቧ አካባቢ አንድ ያበደ ተኩላ ብዙ ሰው ነከሰ። የዘመኑ ሕክምና የጋለ ብረት ነበርና የተነከሱት ቀጥቃጭ ቤት እየተወሰዱ ሲተኮሱ ትንሹ ሉዊ አይቷል።

አድጎ ኬሚስት ሆነ። የወይንን፣ የቢራንና የሐር ትልን ችግር መረመረ። ከ5 ልጆቹ 3ቱን በልጅነታቸው ቀበረ፤ ሁለቱን የገደለው ታይፎይድ ነው። በ1868 ደግሞ ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ ሰነፈ። ሥራውን ግን አላቆመም።

በ1880ዎቹ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ዞረ። ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? በማይክሮስኮፕ ቢፈልግ ተህዋሱ አይታይም፤ ቫይረስ ስለሆነ ለዚያ መሣሪያ በጣም ትንሽ ነው። ፓስተር ግን ከሕመሙ ምልክት ተነስቶ ጠላቱ አንጎል ውስጥ መሆን አለበት አለ። ረዳቱ ኤሚል ሩ ካበደ ውሻ አንጎል ወስዶ በጤነኛ ውሻ አንጎል ላይ ሲያኖር በሽታው ሳይስት ይይዘው ጀመር። ስለዚህ አንድ እንስሳ አብዶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለማወቅ ከአንጎሉ ወስዶ ለጥንቸል መስጠትና መጠበቅ ነበር። የታመመችው ጥንቸል ህብለ ሰረሰር ጠርሙስ ውስጥ ሲደርቅ ደግሞ መርዙ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል። ክትባቱ የተገኘው ከዚሁ ነው።

ጁላይ 6 ቀን 1885 ውሻ የነካከሰው የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተር ከአልዛስ መጣ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። 13 መርፌ ተወጋ፤ ዳነ። ዓለም አጨበጨበ። ፓስተር ግን ማስታወሻ ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ቤተሰቡን አስጠንቅቆ ነበር። በ1964 የልጅ ልጁ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው፤ ተመራማሪዎች ሲያነቡትም በማይስተር ላይ የተሠራበት ዘዴ በውሾች ላይ ገና ተሞክሮ እንዳላለቀ ተረዱ። ጀግናዬን ብወደውም ጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

በዚያው ዓመት አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ራሷን ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ መጣች። እንደዘገየች እያወቀ ሞከረ። ሞተች።

ይህን ሳነብ ባኮ ያለ የጎረቤት ልጅ ትዝ አለኝ። ትኩሳት ያዘው፣ ቀባዠረ። አንዱ የጭንቅላት ወባ ነው አለ፣ ሌላው ሰይጣን። ከወራት በፊት ውሻ ነክሶት እንደነበር ያስታወስነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ያው ውሻ የነከሳቸው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ለክትባት የሮጡት ያኔ ነው።

አሁን ጥንቸል መጠበቅ ቀርቷል። ከታማሚው ጀርባ ጥቂት ፈሳሽ ተቀድቶ በውስጡ ያለው ዘረመል በሙሉ በመሣሪያ ይነበባል። ኮምፒዩተሩ የሰውየውን ለይቶ ያስቀምጥና የቀረውን ከሚታወቁ ተህዋስያን ጋር ያመሳክራል። በ2014 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለወራት ምንነቱ ሳይታወቅ የቆየ የ14 ዓመት ልጅ የአንጎል ሕመም በዚህ መንገድ በ48 ሰዓት ውስጥ ሌፕቶስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ታውቆ በፔኒሲሊን ድኗል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የባኮው ልጅ ሕመም ስሙ ቶሎ ቢታወቅ ይጠቅም የነበረው ለሁለቱ ልጆች ነው።

ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 አረፈ። እኛም አገር ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረ ነው፤ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ሰው ነክሶ የሞተ ውሻ ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ በበረዶ ታሽጎ ለምርመራ ከሚላክባቸው ቦታዎች አንዱ ዛሬም ያው ወያላው ሲጣራለት የሰማሁት ፓስተር ነው።