ጉርሻ የምትፈራው አክስቴ

እንፍራንዝ ያለችው አክስቴ ጉርሻ ትፈራለች። እንጀራ ያለ ውሃ አይወርድላትም። ሰፈሩ ቡዳ ነው ብሎ ደምድሟል።

እኔ ደግሞ ስልኬን ስነካካ ዴቪድ ቤይፎርድን አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1739 የተወለደ፣ በሕክምናው ዓለም ስሙ የቀረ እንግሊዛዊ ነው። በ1761፣ ጎንደር በእቴጌ ምንትዋብና በልጅ ልጃቸው በአፄ ኢዮአስ ዘመን ሳለች፣ ይሄ ገና 22 ዓመቱ የሆነ የቀዶ ሕክምና ተለማማጅ የአንዲት ሴት አስከሬን መረመረ። ሴትየዋ ለዓመታት መዋጥ አቅቷት በ62 ዓመቷ ነው የሞተችው። ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ስር ያለቦታው፣ ከግራ በኩል ተነስቶ፣ የምግብ ቧንቧዋን ተጭኖ ሲሻገር አየ። የሞቷን ምክንያት አገኘሁት አለ። ችግሩን የተፈጥሮ ጨዋታ በሚል ትርጉም በላቲን ሰየመው። ታትሞ ለመውጣት ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1790 አረፈ።

እንዲህ ሆነው ከሚወለዱት ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። ለሚታመሙት ግን ዛሬ ሲቲ ስካን በቁማቸው ያሳያል፤ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

መዋጥ የሚከለክል ሕመም ብዙ ዓይነት ነው፤ የአክስቴ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ ሰኞ ጎንደር ሐኪም ቤት ይዣት እሄዳለሁ። እናንተም ቤት ጉርሻ የሚሸሽ ሰው ካለ፣ ቡዳ ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩት።