ዓለሙን ያላመነው ደራሲ፦ ፊሊፕ ኬ. ዲክ (1928–1982)

“ትሩማን ሾው”ን ወይም “ማትሪክስ”ን አይታችሁ፣ የምንኖርበት ዓለም እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን እያላችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ያመሻችሁ አትጠፉም። ፊልሞቹ ከመሠራታቸው አርባ ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ ጥያቄ በልብ ወለድ ያነሳ አንድ ችግረኛ ደራሲ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊሊፕ ኪንድሬድ ዲክ ዲሴምበር 16 ቀን 1928 ቺካጎ ውስጥ ጄን ከተባለች መንትያ እኅቱ ጋር ያለ ጊዜው ተወለደ። ጄን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ሞተች። ወላጆቿ ኮሎራዶ፣ ፎርት ሞርጋን ቀበሯት፤ በመቃብሯ ድንጋይ ላይም ከስሟ ጎን በሕይወት ያለውን የወንድሟን ስም አስቀረጹ። የሞቱ ቀን ብቻ ባዶ ቀረ። ልጁ ስለ እኅቱ ከእናቱ እየሰማ አደገ፤ በድርሰቶቹም ውስጥ የሞተች ወይም የጠፋች መንትያ ደጋግማ ትመጣለች።

ወላጆቹ ገና ልጅ ሳለ ተፋቱ፤ እናቱ በርክሊ ከተማ ይዛው ሄዳ አሳደገችው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1947 ጨረሰ። በዚያው ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነችው ኡርሱላ ለ ጊን ተመርቃለች፤ የሚገርመው ግን ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። በ1949 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባና ብዙም ሳይቆይ አቋርጦ ወጣ። የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ውስጥ እየሠራ ይጽፍ ጀመር፤ የመጀመሪያ አጭር ልብ ወለዱን በ1951 ሸጠ። ክፍያው ከእጅ ወደ አፍ እንኳ አይበቃም ነበር። ለቤት እንስሳት የሚሸጥ የፈረስ ሥጋ ገዝቶ ይበላ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ መብራቱን ለማብራት በጨለማ የሚጎተት ገመድ ፈለገ። ገመድ የለም፤ ኖሮም አያውቅም፤ መብራቱ የሚበራው በግድግዳ ማብሪያ ነው። ታዲያ እጁ ገመድ መፈለግን ከየት ለመደው? ሌላው ሰው ስቆ የሚያልፈውን ይህን ነገር እሱ ይዞት ተቀመጠ፤ በ1959 “ታይም አውት ኦፍ ጆይንት” በተባለው ልብ ወለድ ውስጥም አስገባው።

የመጽሐፉ ዋና ሰው ራግል ገም ይባላል። በአንዲት ጸጥተኛ የአሜሪካ ከተማ ከእኅቱና ከባሏ ጋር እየኖረ፣ በየቀኑ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ፈትቶ በሚያሸንፈው ገንዘብ ይተዳደራል። ከዕለታት አንድ ቀን የለስላሳ መጠጥ መሸጫው ዓይኑ እያየ ይጠፋል፤ በቦታው የመሸጫው ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ አሮጌ መጽሔት ይገኛል፤ በውስጡ ማሪሊን ሞንሮ የምትባል ዝነኛ ተዋናይት አለች፤ ከቤተሰቡ ግን ስሟን የሰማ የለም። በመጨረሻ እውነቱ ይወጣል። ዘመኑ 1998 ነው፤ ምድር ጨረቃ ላይ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ ራግል እንቆቅልሽ እየመሰለው የሚፈታው ሚሳይሉ የሚወድቅበትን ቦታ ነው። ከተማዋ የተሠራችው እሱን ለማታለል ነው።

በእኔ ግምት ይህ መጽሐፍ ከ“ትሩማን ሾው” የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፦ ትሩማን ምንም ሳያውቅ የታሰረ ሰው ነው፤ ራግል ግን የሚሠራለት ወገን ትክክል አለመሆኑን ተረድቶ፣ ጭንቀቱን መሸከም ሲያቅተው ወደ ቀድሞው ዘመን በሐሳቡ የሸሸ ነው። ባለሥልጣናቱ የሠሩለት ሽሽቱን የሚመስል ከተማ ነው።

በ1963 “ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል” የሁጎ ሽልማት አስገኘለት፤ ኑሮው ግን አልተቃናም። በአነቃቂ ክኒን ኃይል ሌሊቱን እየጻፈ በዓመት ብዙ መጽሐፍ ያወጣ ነበር። አምስት ጊዜ አግብቶ አምስቱም ፈረሱ፤ ሦስት ልጆች ወለደ። በ1971 ቤቱ ተሰብሮ የሰነድ ሣጥኑ ሲፈነዳ ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ ቀረ፤ ጥርጣሬው ባሰበት።

በ1974 ጥርሱን ተነቅሎ ቤቱ ሳለ የሕመም ማስታገሻ ያመጣችለት ልጅ አንገት ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ሐብል አየ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ራእይ ይታየው ጀመር፤ የሮም ግዛት እንዳላበቃና የሚያየው ካሊፎርኒያ መጋረጃ እንደሆነ ተሰማው። እስኪሞት ድረስ ነገሩን ለመረዳት 8,000 ገጽ ገደማ ጻፈ። አብዷል ብሎ ማለፍ ይቀላል። እሱ ግን ይህንኑ ከሁሉ ቀድሞ ጠይቋል፤ እግዚአብሔር ነው ብሎ ጽፎ በማግሥቱ የአእምሮ ሕመም ይሆናል ይላል። በ1981 “ቫሊስ” ላይ ራሱን ለሁለት ሰው ከፈለ፦ አንዱ ራእዩን ያምናል፣ ሌላው ይታዘበዋል።

ከልብ ወለዱ የተወሰደው “ብሌድ ራነር” በ1982 ክረምት ሲወጣ አልደረሰም፤ ጥቂት ቁራጭ ብቻ አይቶ ነበር። ደም ሥሩ አእምሮው ውስጥ ደጋግሞ ተዘግቶበት ማርች 2 ቀን ሳንታ አና ውስጥ በ53 ዓመቱ አረፈ። ፎርት ሞርጋን ተወስዶ ከጄን ጎን ተቀበረ፤ ስሙ ድንጋዩ ላይ ስለነበር የቀረው ቀኑን መጻፍ ብቻ ነበር።