የሞተሪኖ አባት፥ የቻርልስ ኬተሪንግ የሕይወት ታሪክ

በዓለም ላይ ስማቸው በሰው ሁሉ አፍ የሚጠራ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ኤዲሶንን ወይም ማርኮኒን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ነገር ግን የሥራቸው ፍሬ በየቀኑ እያገለገለን ስማቸውን የማናነሣቸው ሌሎች ደግሞ አሉ። ከእነዚህም አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ነጂው ቁልፉን ባዞረ ወይም አዝራሩን በተጫነ ቁጥር የመኪናውን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር፥ በአገራችን መካኒኮች ቋንቋ ሞተሪኖ የሚባለውን፥ ለሥራው ብቁ አድርጎ ለዓለም ያበረከተ እርሱ ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ከበጎውም ከክፉውም ሳልሰውር ባጭሩ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ በ1876 በኦሃዮ ግዛት፥ ሎውደንቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከአምስቱ ልጆች አራተኛው ነበር። በእርሻው ሥራ ወላጆቹን እያገዘ አደገ። ትምህርት እጅግ ቢወድም ዓይኑ ደካማ ስለ ነበር መጽሐፍ ባነበበ ቁጥር ራሱን ያመው ነበር። ይህም ችግር ከሕፃንነቱ እስከ ጎልማሳነቱ አልተለየውም።

ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ በገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በማታም ተማሪዎቹን እየሰበሰበ ስለ ኤሌክትሪክ፥ ስለ ሙቀትና ስለ ማግኔት በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ያስረዳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገብቶ ዉስተር በሚባለው ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት የዓይኑ ሕመም ስለ ጠናበት ትምህርቱን አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ። ኑሮውንም ለመግፋት ምሰሶ ተክለው የስልክ ሽቦ ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተቀጠረ። በመጀመሪያ በዚህ ዕጣው እጅግ አዝኖ ነበር። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የኤሌክትሪክ ዕውቀት በሥራው ላይ ማዋል ሲጀምር ኀዘኑ ተወው፤ የሠራተኞቹም አለቃ ለመሆን በቃ። ጤናው ሲሻለው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ኢንጂነርነት ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃያ ስምንት ዓመት ተጠግቶ ነበር። በተከታዩም ዓመት ኦሊቭ ዊልያምስን አገባ፤ ዩጂን የሚባል ልጅም ወለዱ።

ከምረቃው በኋላ በዴይተን ከተማ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር በሚባል ኩባንያ ሥራ ያዘ። ይህ ኩባንያ በሱቅ ውስጥ የሽያጭ ገንዘብ የሚመዘግቡ መኪናዎችን ይሠራ ነበር። መኪናዎቹ በእጅ የሚዞሩ ስለ ነበሩ ኬተሪንግ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠሩ አደረጋቸው። ይህ ሥራ ያን ጊዜ ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ ኋላ እንደምናየው ለትልቁ ሥራው መሠረት ሆነው።

በዚያው ኩባንያ ኤድዋርድ ዲድስ ከሚባል ባልደረባው ጋር ተወዳጀ። ሁለቱ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ከመደበኛው ሥራ በኋላ በማታና በበዓል ቀን በዲድስ ጓሮ ባለ የእንጨት ጎተራ ውስጥ ለመኪና የሚጠቅሙ ዕቃዎችን ይሞክሩ ጀመር። በ1909 ኬተሪንግ የካሽ ሬጅስተሩን ኩባንያ ትቶ ከዲድስ ጋር ዴልኮ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራቸውም የቤንዚኑን ጢስ በካንዴላ የሚያቀጣጥል የተሻሻለ መሣሪያ ነበር። የካዲላክ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ሌላንድ ይህን መሣሪያ አይቶ ስለ ወደደው 8,000 አዘዘ።

በዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው እንዴት እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልጋል። ነጂው ከመኪናው ፊት ቆሞ ማኖቬላ የሚባለውን ቆልማማ ብረት ሰክቶ በክንዱ ኃይል ያዞር ነበር። በአጤ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ የገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎችም ከዚህ ከኬተሪንግ ሥራ በፊት የተሠሩ ነበሩ። ማኖቬላ ማዞር ጉልበት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ይፈልጋል። እሳቱ ያለ ጊዜው ከተቀጣጠለ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና ብረቱ በነጂው እጅ ላይ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች አንጓቸውና ክንዳቸው ተሰብሯል። ጉልበት የሌለው ሰው፥ ሽማግሌም ሆነ ሴት፥ ብቻውን በቤንዚን መኪና ለመሄድ ይቸግረው ነበር። የታወቀው የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የሄንሪ ፎርድ ሚስት ክላራ ፎርድ እንኳ የባልዋን መኪና ትታ በባትሪ ብቻ የሚሄድ መኪና ትነዳ ነበር።

ሌላንድ ወደ ኬተሪንግ የመጣበትም ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። ባይረን ካርተር የሚባል መኪና ሠሪ ወዳጅ ነበረው። እንደሚተረከው ካርተር በዲትሮይት ከተማ መኪናዋ የቆመባትን አንዲት ሴት ለመርዳት ማኖቬላውን ሲያዞር ብረቱ ተመልሶ መንጋጋውን ሰበረው፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በ1908 ሞተ። ሌላንድ የካዲላክ መኪና ለሰው ሞት ምክንያት እንዳይሆን ሲል ማኖቬላን የሚተካ ነገር ይፈልግ ጀመር።

ከኬተሪንግ በፊት በዚህ ነገር የደከሙ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በታመቀ አየር፥ ሌሎቹም በተጠቀለለ ሞላ ሞክረው ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ግን የዘመኑ ሊቃውንት ነገሩ አይሆንም ብለው ደምድመው ነበር። እንደ ስሌታቸው የመኪናን ሞተር ሊያዞር የሚችል ኤሌክትሪክ ሞተር እጅግ ትልቅ፥ ባትሪውም ከባድ መሆን ነበረበት። ስሌታቸው በራሱ ስሕተት አልነበረውም። የተሳሳቱት በጥያቄው ነበር። እነርሱ ያሰሉት ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ስለሚሠራ ሞተር ነው። ኬተሪንግ ግን የካሽ ሬጅስተሩን ሞተር አስታወሰ። ያ ሞተር ሥራው የአንድ አፍታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያርፋል። ትንሽ ሞተርም ሳይቃጠል ለጥቂት ሴኮንድ ከዐቅሙ በላይ ሊሠራ ይችላል። የመኪናም ሞተር የሚያስፈልገው ይኸው የአንድ አፍታ ግፊት ነው።

በዚህ ሐሳብ ተመርተው የጎተራው ጓደኞች ሌሊትና ቀን ሠርተው በ1911 መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን በካዲላክ መኪና ላይ አድርገው አስነሡት። የ1912 ሞዴል ካዲላክ ከዚህ መሣሪያ ጋር ለገበያ ወጣ። መሣሪያው መጀመሪያ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ እርሱ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላ፥ መብራቱንም ያበራ ነበር። ከዚህ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ፎርድም በታወቀው ሞዴል ቲ መኪናው ላይ ከ1919 ጀምሮ ሞተሪኖ ያደርግ ጀመር። የኬተሪንግ የባለቤትነት ፈቃድ የተሰጠው በ1915 ነው።

ይህን የኬተሪንግን ሐሳብ በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ሞተሪኖ በቤት ውስጥ ሲፈታ ቢመለከት ይበቃዋል። አስቀድሞ ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን መለየት ይገባል። ብዙ ጊዜ በደለኛው የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ የባትሪ ጫፍ ሆኖ ሳለ ጤነኛው ሞተሪኖ በከንቱ ይፈታል። ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ መውለቅ አለበት። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ በብዙ መኪናዎች ላይ ፊውዝ የለውምና፥ መፍቻው ይህን ገመድና የመኪናውን አካል ባንድነት ቢነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከሥር መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ መኪናው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፥ ጎማውም ይታገድ። ክሪክ ብቻውን አምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን በአንዲት ጎሚኒ ላይ ጥሏል።

ቀጥሎ ወፍራሙ ገመድና ቀጭኑ ሽቦ ቦታቸው ምልክት እየተደረገ ይላቀቃሉ። በመጨረሻም ሞተሪኖውን የያዙት ሁለት ወይም ሦስት ቡሎኖች ይፈታሉ። የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ በአንድ እጅ ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ብረትና መዳብ ስለ ታጨቀበት የመጠኑ ማነስ ያታልላልና። ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በጫፉ ትንሽ ጥርሳም መዘውር ይታያል። ይህ መዘውር በሞተሩ ትልቅ ቦላኖ ዙሪያ ያሉትን ጥርሶች ይይዛል፤ ትንሹ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል። ትንሹ ትልቁን የሚያነሣበት ምስጢር ይህና የሥራው ጊዜ ማጠር ነው። ስለዚህም ሞተሩ እንቢ ሲል ቁልፉን ከአሥር ሴኮንድ በላይ ይዞ የሚቆይ ነጂ ሞተሪኖውን ያቃጥላል። ጥቂት አሳርፎ እንደ ገና መሞከር ይሻላል። ሲገጠም ሥራው ሁሉ በግልባጩ ይሠራል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ መጨረሻ ይታሰራል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የዴልኮ ድርጅት በ1916 ተሸጠ፤ በኋላም የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሆነ። ኬተሪንግም ከ1920 እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል አለቃ ነበር። ሁሉም ሥራ ግን አልተቃናለትም። በውኃ ፈንታ በመዳብና በአየር የሚቀዘቅዝ የሸቭሮሌ መኪና አሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ስላልሠመረ በ1923 የተሸጡት መኪናዎች ከገበያ ተመልሰው ተሰበሰቡ። በሌላ በኩል እርሱ የመራው የዲዝል ሞተር ምርምር የምድር ባቡርን ለወጠ። በ1934 ከዴንቨር እስከ ቺካጎ በአንድ ቀን ሳያቋርጥ የሮጠው ባቡር የዚህ ድካም ፍሬ ነበር።

አሁን ደግሞ ዝም ተብሎ ሊታለፍ የማይገባውን እንናገር። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲያንኳኳ ኃይል ይቀንሳል። በኬተሪንግ ሥር የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ በ1921 እርሳስ ያለበት ቅመም ቤንዚን ላይ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቀር አገኘ። አልኮልም ለዚሁ ሥራ እንደሚረዳ ሁለቱ ያውቁ ነበር። እርሳስ መርዝ መሆኑም ከጥንት የታወቀ ነው። በ1924 በኒው ጀርሲ ቅመሙን ከሚያዘጋጁት ሠራተኞች አምስቱ አእምሮአቸውን ስተው ሞቱ። በተከታዩ ዓመት በዋሽንግተን በተደረገ ጉባኤ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን አደጋውን ገልጣ ተቃወመች። ኬተሪንግ ግን ለቅመሙ ተሟገተ፤ ሽያጩም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የመኪና ጢስ እርሳሱን በአየር ላይ በተነ፤ የሕፃናትንም አእምሮ ጎዳ። ይህ ቤንዚን ከዓለም መንገድ ፈጽሞ የጠፋው አልጄሪያ ሽያጩን ባቆመችበት በ2021 ነው። በእርሱ ክፍል ለማቀዝቀዣ የተሠራው ፍሪዮን የተባለ ጋዝም እንዲሁ በቤት ውስጥ የማይጎዳ ሆኖ ሳለ ከምድር በላይ ያለውን የኦዞን ሽፋን የሚበላ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ መንግሥታት በ1987 በሞንትሪያል ከተማ ሊያስቀሩት ተስማሙ።

ኬተሪንግ በዘመኑ መጨረሻ ሀብቱን ለትምህርትና ለሕክምና አዋለ። በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በኒው ዮርክ ስማቸውን የያዘውን የካንሰር ምርምር ተቋም መሠረቱ። በ1958 በኅዳር ወር በዴይተን አረፈ። ዕድሜው ሰማንያ ሁለት ዓመት ነበር። በሕይወቱ ሳለ ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡ የባለቤትነት ፈቃዶች አግኝቷል።

ከዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ዕውቀት ከእጅ ሥራ ጋር ሲጋባ ብቻ ፍሬ እንደሚሰጥ ነው። በአገራችን ብዕር የጨበጠ እጅ መፍቻ ሲጨብጥ እንደ ውርደት የሚቈጥሩ አሉ። ኬተሪንግ ግን በምሰሶ ተካዮች መካከል የዋለበት ጊዜ ትምህርቱን አላጠፋበትም፤ አጠነከረለት እንጂ። ሌሎቹ ሊቃውንት በወረቀት ላይ አይሆንም ያሉትን እርሱ በእጁ የሠራውን ሞተር አስታውሶ ፈታው።

ሁለተኛው ግን ከፊተኛው ይበልጣል። ኬተሪንግ ስለ ሞተሪኖ ሊቃውንት አይሆንም ሲሉት አልሰማቸውም፤ መልካምም አደረገ። ስለ እርሳስ ሐኪሞች አይሆንም ሲሉትም አልሰማቸውም፤ ክፉም ሆነ። የፊተኞቹ ስለ ብረት ዐቅም ሲናገሩ የኋለኞቹ ስለ ሰው ሕይወት ይናገሩ ነበር። አይሆንም የሚል ቃል ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። የብረትን አይሆንም በትጋት እንፈትነው፤ ስለ ሰው ሕይወት የሚነገረውን አይሆንም ግን በትሕትና እንስማ። እግዚአብሔር ብርቱ እጅና የሚሰማ ልቡና ይስጠን።